ማኅተም ያላረፈበት እውቀት

በአገራችን ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ጋር ማንም ሳያሠለጥነው፣ በጀትም ሳይያዝለት፣ በራሱ ጊዜ ቀድሞ የተላመደ ነገር ቢኖር ሰበብ ነው። ድሮ ባለጉዳይ የሚመለሰው «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፈቃድ ወጥታለች»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ ነበር። እነዚህ ሰበቦች አንድ ድክመት ነበረባቸው፤ ባለጉዳዩ ይከራከራቸዋል። ፋይሉ ይፈለግልኝ ይላል፤ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጡ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል፤ ጨከን ያለው ደግሞ የመዝገብ ቤቷን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያስመጣታል። አሁን ይህን ሁሉ የሚተካ አንድ መልስ ተገኝቷል፤ «ሲስተም የለም»። ሲስተምን ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። የት እንደሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ማን ፈቃድ እንደሰጠው አይታወቅም። ባለጉዳዩ «እግዜር ያምጣው» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ይሄዳል።

በወረቀት ደረጃ ከሄድን ግን የሚቀድመን የለም። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በሰኔ 2012 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ግብርናውን፣ አምራች ኢንዱስትሪውን፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚደገፉ አገልግሎቶችንና ቱሪዝሙን አራት መንገዶች አድርጎ ወደ አዲሱ ኢኮኖሚ ይመራናል። 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ለፈጻሚዎቹ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ገና ዓመታት ይቀራሉ። ሕጉም አልዘገየም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለተዘጋጀ ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን አያጣም ይላል። አዋጆቹን የማያውቅ መሥሪያ ቤት የለም፤ አሳትሞ፣ አስጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧቸዋል።

በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የሰማሁት ንግግር ይኸውና። አንድ ሽማግሌ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ መጥተዋል።

«አባባ፣ ማመልከቻው በኦንላይን ነው የሚሞላው።»

«ተሞልቷል ልጄ። የልጄ ልጅ ትናንት ማታ ሞልታልኛለች።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች። «አዎ፣ ደርሶናል።»

«እሰይ! አለቀ በይኛ።»

«አሁን ፕሪንት ያስደርጉትና በሦስት ኮፒ፣ ማኅተም አስመትተው ያምጡልኝ።»

«ደርሶናል አላልሽም?»

«ደርሷል አባባ። ይሄ ለፋይል ነው።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ለምንድነው?»

ልጅቷ በፍጹም ቅንነት መለሰች፦ «እሱ ለሪፖርት ነው።»

ይህች መልስ የብዙ ጥናት ማጠቃለያ ልትሆን ትችላለች። አንድ መሥሪያ ቤት በነበረበት ቦታ ሁለት ከፍተናል፤ አንዱ ሪፖርት የሚደረግበት፣ ሌላው ሥራ የሚሠራበት። የመጀመሪያው ዘመናዊ ነው፤ ግራፍ አለው፣ በመቶኛ ይናገራል። ሁለተኛው አሁንም በቲተርና በክብ ማኅተም ይተዳደራል።

የኮምፒውተር ዘመን ሲመጣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሊዘጉ ነው ተብሎ ከንፈር የተመጠጠላቸው ጊዜ ነበር። አሁን በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል በሯ ላይ የምትለጥፈው ይህን ነው፦ የኦንላይን ፎርም እንሞላለን፣ ኢሜይል እንከፍታለን፣ ፋይዳ እናትማለን፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አለን። ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ለደንበኛው ኢሜይል ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉንም «ይረሱታል» ብሎ በገዛ ደብተሩ ይመዘግበዋል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሊጠብቀው የወጣለት የግል መረጃ፣ ቢያንስ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ድርሻ፣ እዚያች ደብተር ውስጥ በእስክሪብቶ ሰፍሯል። እስካሁን የተዘረፈ ሰው አልሰማሁም፤ የልጁን እጅ ጽሑፍ ከልጁ በቀር የሚያነበው የለምና ከዚህ የሚበልጥ ምስጠራ አይገኝም።

ፋይዳም ቢሆን ዕጣው ይኸው ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ የታሰበው ቁጥራችንን ነግረን፣ ጣታችንን አሳርፈን ማንነታችን እንዲረጋገጥና ወረቀት እንዲቀር ነው። እኛ ቁጥሩን በቀለም አሳተምነው፣ ላሚኔት አስደረግነው፣ ላሚኔቱን ፎቶ ኮፒ አደረግነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም ተመታበት። ዋናው ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እሱን የነካው ግን የለም።

እውነቱን ለመናገር ቴሌብር የተሳካ ነገር ነው። በግንቦት 2013 ተጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፍርቷል፤ የባንክ ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ የጉሊት ቸርቻሪ ዛሬ የሽንኩርቷን ዋጋ በስልኳ ትቀበላለች። ሆኖም ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ብሎ አከፋፈሉን ማየት ነው። ደንበኛው ይከፍላል። ስልኩ ተሳክቷል ይላል። ባለሱቁ «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ያያል፤ ከዚያም የራሱ ስልክ እስኪጮህ ይጠብቃል። መልእክቱ ይዘገያል። ሁለቱም በስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። «ገባ?» «አልገባም።» «ከእኔ ወጥቷል እኮ!» በመጨረሻ ይገባል። ባለሱቁ የግብይቱን ቁጥር ፊደል በፊደል ደብተር ላይ ይገለብጣል፤ ለጥንቃቄም የደንበኛውን ስልክ በራሱ ስልክ ፎቶ ያነሳዋል። አይፈረድበትም፤ በሐሰተኛ ስክሪን ሾት ዘይትና ስኳር ጭነው የተሰወሩ ጮሌዎች አሉ። ግን በዚህ መካከል አንድ ሰው መጥቶ፣ የተጨማደደ መቶ ብር ሰጥቶ፣ መልሱን ተቀብሎ፣ ሰፈሩ ደርሷል።

ባንክም ሲጨንቀው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮምፒውተር ተሳስቶ ሰው ካለው በላይ ማውጣት ሲችል፣ ወሬው ቶሎ የደረሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ነበር። በአገሪቱ የእውቀት ሽግግር አዝጋሚ ነው እየተባለ ስንት ጥናት ተጽፏል! በዚያች ሌሊት መረጃ ከግቢ ወደ ግቢ የተሸጋገረበትን ፍጥነት ያየ አጥኚ ጽሑፉን ይቀድደው ነበር። ባንኩ መልሱልኝ ብሎ ደጋግሞ ካሳሰበ በኋላ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ደጅ ለጠፈ። በኮምፒውተር የመጣው ጉድ በወረቀትና በማጣበቂያ ተሸኘ።

ማሽን የሚያውቀውን ነገር ሰው ካልደገመው አናምንም። በስልክ ታክሲ ጠራህ እንበል። ሳተላይቱ የቆምክበትን ድንጋይ ሳይቀር ያውቀዋል፤ ካርታው ላይም ነጥብ ሆነህ ትታያለህ። ሾፌሩ ግን ይደውላል።

«ወንድሜ፣ የት ነህ?»

«ካርታው ላይ አለልህ እኮ።»

«እሱን ተወውና፣ ምን አጠገብ ነህ?»

ምን አጠገብ የሚለው ጥያቄ ቀላል የነበረበት ዘመን አለ። «ከሼል ማዶ» ብንል ሼል ማደያዎቹን ሸጦ ከአገር ከወጣ ከዓመታት በኋላም እንግባባ ነበር። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ግን «የፈረሰው ግንብ ቤት ጋ ነኝ» ያለ ተሳፋሪ «የትኛው የፈረሰ?» ተብሎ ይመለስለታል። ይህ ካርታ የማያምን ሾፌር ደግሞ ብዙ ጊዜ የተማረ ሰው ነው፤ ጠጋ ብለው ሲያወሩት በሲቪል ምሕንድስና የተመረቀ፣ ቅየሳ ላይ ጥሩ ውጤት የነበረው ሆኖ ይገኛል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተብሎ ተወስኖ ነበር። ኢንዱስትሪው ኢንጂነር ይፈልጋል ተብሎ ኢንጂነር በብዛት ተመረቀ። ኢንጂነሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ ኢንዱስትሪው ግን ገና መንገድ ላይ ነው፣ እሱም ካርታ ሳያሳየው አይቀርም።

ከታች ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2009 ብሔራዊ ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ የአገሩ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ ተማሪዎቹ የሚማሩትን እንዲያውቁ ሳይሆን የሚጠየቁትን እንዳያውቁ። በኋላ ተፈታኞቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው በጥበቃ መፈተን ሲጀምሩ፣ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። አገር ደነገጠ። ድንጋጤው ግን ልጆቹ ሳያውቁ እስከዚያ ክፍል እንዴት ደረሱ የሚል አልነበረም፤ አብዛኛው ወላጅ የጠየቀው «ታዲያ አሁን ወረቀቱን ከየት ያመጣዋል?» ብሎ ነው።

ወረቀቱማ አይጠፋም። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለ የኦንላይን ሥልጠና ተጀመረ። ነጻ ነው፤ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ ያስተምራል፤ የተጠቀመበት ወጣትም ሞልቷል። የማውቃቸው አንድ የመምሪያ ኃላፊ ግን «ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ሰርተፊኬት ይጠበቃል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው ትምህርቱን ዐሥረኛ ክፍል ለሚማረው ልጃቸው መሩለት። ልጁ ኮርሶቹን አንድ በአንድ ጨረሳቸው፣ ወደዳቸውም። ሰርተፊኬቱ በአባት ስም ወጣና በመስታወት ተደርጎ ቢሮ ተሰቀለ። በዚያው መንፈቅ ልጁ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ትምህርት ሃምሳ አምስት አገኘ፤ ፈተናው በወረቀት ላይ «የኮምፒውተርን ትውልዶች በቅደም ተከተል ዘርዝር» የሚል ነበር። አባትየው ተቆጡ። «እኔ እንኳ ሰርተፊኬት አለኝ!» አሉት።

የእውቀት ኢንዱስትሪ የለንም የሚል ሰው ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ደጅ ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች አላነበበም። «ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች፣ ቴሲስ እናማክራለን» ይላል ማስታወቂያው። ማማከር የተባለው መጻፍ ነው። ያለ ስትራቴጂ፣ ያለ ታክስ እፎይታ፣ ያለ ወርክሾፕ በሁለት እግሩ የቆመ ዘርፍ ቢኖር ይህ ነው። የጥራት ቁጥጥር አለው፤ አማካሪ መምህሩ በቀይ ያረሙትን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተካክላል። ለዲግሪ ሌላ፣ ለማስተርስ ሌላ ዋጋ አለው። ደንበኛ አክባሪ ነው፤ ገዢው ጽሑፉን የሚያቀርብበት ቀን ሲደርስ ሊጠየቅ የሚችለውን ከነመልሱ ያስጠናዋል። ምርቱንም መልሶ ይጠቀማል፤ «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል አንድ ጥናት የከተማው ስም ብቻ እየተለወጠ ሐዋሳም፣ ጎንደርም፣ ጅማም ጋውን ለብሶ ይመረቃል። ደንበኞች በሦስቱም ከተማ በእኩል መጠን ይረካሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ በዓለም ላይ ማን ሥራውን ያጣል የሚል ክርክር ተነሣ። እኛ ዘንድ ቀድሞ የተመታው ይህ ዘርፍ ነው። ደንበኛው ስልኩን እየጠየቀ ራሱ መጻፍ ጀመረ። የዘርፉ ባለሙያዎችም ስለ ትምህርት ጥራት ማዘናቸው አልቀረም። አንዱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ይሄ ትውልድ ሰንፏል፤ አስጽፎ እንኳ አያስገባም!»

ይህ ሁሉ ሲሆን ጉዳዩን የሚያጠና አካል አልጠፋም። ስለ እውቀት መር ኢኮኖሚ በየጊዜው ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ላይ ውይይት ይደረጋል። ባነር ይሰቀላል፤ የሻይ እረፍት አለ፤ ውሎ አበል በወረቀት ላይ ተፈርሞ ይወሰዳል። በ2010 ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ ስትመጣም ከእውቀቱ ይልቅ ትርኢቱ በለጠ። ፕሮግራሟን በመጻፍ የአይኮግ ላብስ ኩባንያ ወጣቶች እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ድርሻ ነበራቸው። ከፊል አካሏ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ቀርቶባት አገር ተጨነቀላት። ፎቶ የተነሣነው ከእሷ ጋር ነው፤ ፕሮግራሟን የጻፉትን ልጆች ስም የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሳዑዲ ዓረቢያ ለዚችው ሮቦት ዜግነት ሰጥታታለች። በዚያው ዓመት ከዚያው አገር፣ የሰው ልጅ አሳድገው፣ የሰው ቤት አቅንተው የኖሩ እህቶቻችን የመኖሪያ ወረቀት የላችሁም ተብለው በአውሮፕላን ይመለሱ ነበር።

እውቀት ወደ ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ግን ባነር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ሴቶቹ ልብስ ሲያነጡ ወንዙንም ያጸዱ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ያዩትን ይዘው ወደ ዓለም ሲወጡ ደግሞ ይህ የወረቀት አምልኮ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው፤ በታወቀ ላብራቶሪ፣ በታወቀ ደንብ ተመርምሮ ካልተመሰከረለት አይሆንም እየተባለ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ለዚሁ ሥራ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ፓተንት አወጣበት፤ በታላላቆቹ ሐይቆች ዳር ያሉትን የውሃ ቧንቧዎች የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን መግደያ ይሆናል ብሎ። የዓድዋ ሴቶች ፓተንት ሳያወጡ እጥበታቸውን ቀጠሉ።

ጤፍማ የባሰ ነው። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋለ፤ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ያዘ፤ ከስሮም ተዘጋ፤ ፓተንቱ ግን ቀረ። ሄግ ያለ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድስን ፓተንት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እዚያ ውስጥ አዲስ ፈጠራ አላየሁም ብሎ። ይህን ፍርድ ማንኛዋም ባልትና ነጋዴ ያለ ጠበቃ በነጻ ትሰጣቸው ነበር። ግን ማን ጠየቃት? እሷ የጤፍ ኤክስፐርት የሚል ወረቀት የላትም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌሎች እኛ የምናውቀውን እየፈለጉ ማኅተም ያስመቱበታል፣ እኛ ደግሞ የማናውቀውን ማኅተም አስመትተን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።

መርካቶ ውስጥ የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ የሚያድስ ወጣት አለ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል። አንድ ተቋም ብዙ የውጭ ምንዛሪ ያፈሰሰበት የምርመራ ማሽን ቆሞበት፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ከውጭ ባለሙያ እንዲመጣ ተወስኖ ሲጠበቅ፣ አንድ ሠራተኛ ሹልክ ብሎ ይህን ልጅ ጠራው። ልጁ ማሽኑን ፈታ፣ አቧራውን አራገፈ፣ የተቃጠለችውን አንዲት ዕቃ ከአሮጌ ቴሌቪዥን በነቀላት ተካ፤ ከምሳ በፊት ማሽኑ ሠራ። ሁሉም አጨበጨበ። ወደ ፋይናንስ ሲሄድ ግን ጭብጨባው አልተከተለውም።

«ንግድ ፈቃድ?»

«የለኝም።»

«የቫት ደረሰኝ? ቲን ነምበር? የሙያ ብቃት ማረጋገጫ?»

«እትዬ፣ ማሽኑ እኮ እየሠራ ነው።»

«መሥራቱንማ አየን። በምን ርዕስ እናውጣልህ?»

የፋይናንስ ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጁ ሳይከፈለው እንዲሄድ አልፈለጉም። አሰቡ፣ የበጀት ርዕሶቹን አገላበጡ፣ በመጨረሻም ፊታቸው በራ። «አቧራውን አራግፈሃል አይደል?» አሉት። ስለዚህ በጽዳት አገልግሎት ስም ተከፈለው። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ የማሽኑ ብልሽት «በተቋሙ ባለሙያዎች በራስ አቅም ተፈቷል» ተብሎ ተጻፈ፤ ኮሚቴውም የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጠው። የጽዳት ወጪው ግን ከዕቅድ በላይ ስለሆነ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ አስተባባሪ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲያቀርቡ ተጠይቀዋል፤ በሦስት ኮፒ።